ለፓርኪንግ ቅጣት ፍርድ ቤት ይኬዳል እንዴ?

ከመካከላችን አንዱ ሰሞኑን ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ መኪናውን አንድ ፋርማሲ አጠገብ አቆመ። ገብቶ እስኪወጣ ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ነው። ሲመለስ ታርጋው ተፈትቷል። «ምልክቱ የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ በእጅ ተጠቆመለት። ምልክቱ አለ፣ አልተዋሸም። ግን የዛፍ ቅርንጫፍ ግማሹን ሸፍኖታል፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው የለም።

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

«ሄደህ ክፈል፣ ታርጋህን ውሰድ።»

ከፈለ፣ ወሰደ። ማታ ስንገናኝ «ተከራከር እንጂ!» አልነው። «ለዚህች ብር ብዬ ሦስት ቀን ሥራ ልፍታ?» ብሎ አፋችንን ዘጋን። ልጁ የራይድ ሹፌር ነው። የቆመባት ቀን ሁሉ ከኪሱ ነው የምትሄደው።

መልሱ ትክክል ነው። እኛም ብንሆን እንከፍል ነበር። ግን ነገሩ ከጭንቅላታችን አልወጣም። ሁሉም ሰው «ለዚህች ብዬ አልከራከርም» ካለ፣ ያ ቅጣት ትክክል መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ትልቅ ክስ ጠበቃም ዳኛም ጋዜጠኛም ያየዋል። ትንሿን ቅጣት ግን የጻፈው ሰው ብቻ ያያታል።

ስለዚህ «እስቲ የተከራከሩት ሰዎች ምን ገጠማቸው?» ብለን ፈለግን። ሦስት ጉዳዮች አገኘን፤ ሁለቱ አሜሪካ፣ አንዱ እንግሊዝ። ሦስቱም በጥቃቅን የፓርኪንግ ቅጣት ተጀምረው ትልልቅ ዳኞች ፊት የደረሱ ናቸው። አንዷ አሸንፋለች፣ አንዱ በግማሽ አሸንፏል፣ አንዱ ድብን ብሎ ተሸንፏል። ከሦስቱም እኛን የሚመለከት ነገር አለ።

ጠመኔ የተቀባው ጎማ

ሳጊናው ሚቺጋን ውስጥ ያለች መካከለኛ ከተማ ነች። እዚያ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪዎች አሠራራቸው ቀላል ነበር። የቆመ መኪና ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። የተፈቀደው ሰዓት ካለፈ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። ምልክቱ እንዳለ ካገኙት መኪናው አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው፤ ቅጣት ይጻፋል። ቅጣቱ ከ15 ዶላር ይጀምራል።

አሊሰን ቴይለር የምትባል ነዋሪ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በዚህ መንገድ 15 ጊዜ ተቀጣች። አዎ፣ 15 ጊዜ። ሰዓት አሳልፋ መቆሟን አልካደችም። እ.ኤ.አ. በ2017 ክስ የመሠረተችው በሌላ ጥያቄ ነው፦ «መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ንብረቴን ነክቶ በእኔ ላይ ማስረጃ መሰብሰብ ይችላል ወይ?» የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ ያለ በቂ ምክንያት የሚደረግ ፍተሻን ይከለክላል። የእሷም ክርክር «ጎማዬ ላይ የተቀባው ጠመኔ ፍተሻ ነው» የሚል ነበር።

ብዙ ሰው ስቋል። የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ክሱን ዘጋው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ላይ ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኞች «ልክ ነሽ» አሏት። የተንተራሱት እ.ኤ.አ. በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ውሳኔ ላይ ነው፤ ያኔ ፖሊስ የአንድ ተጠርጣሪ መኪና ላይ የጂፒኤስ መከታተያ መለጠፉ ፍተሻ ነው ተብሎ ነበር። መከታተያው ዘመናዊ፣ ጠመኔው የድሮ ይሁን እንጂ ሁለቱም የሰው ንብረት ተነክቶ መረጃ የሚሰበሰብባቸው ናቸው። ከተማዋ «ለሕዝብ ደኅንነት ነው» ብትልም ዳኞቹ አልተቀበሏትም፤ በሕጋዊ ቦታ ቆሞ ማንንም ያላስቸገረ መኪና ምን አደጋ አለው? ጉዳዩ ወደ ታች ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ በከተማዋ ላይ ወሰነ።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ሳንዲዬጎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሳሳይ ክስ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዚያ አካባቢ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ጠመኔው ችግር የለውም አለ። አንድ አገር፣ አንድ ሕገ መንግሥት፣ አንድ ጠመኔ፤ ሚቺጋን ውስጥ ክልክል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍቅድ!

ቴይለር ምን አተረፈች? ከተማ አሁንም ሰዓት ያሳለፈን መቅጣት ይችላል፤ ፎቶ አንስቶም ሆነ በሌላ መንገድ። ያተረፈችው «ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚለው መልስ በቂ እንዳልሆነ ማሳየቷን ነው። ለአሥርት ዓመታት ማንም ያልጠየቀውን አሠራር አንድ በተደጋጋሚ የምትቀጣ ሴት ጠየቀችው።

63 ሲደመር 63

ሁለተኛው ጉዳይ የመጠን ነው። ክሱ ሲቀርብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቆጣሪ የሚከፈልበት ፓርኪንግ ላይ ሰዓት ካሳለፍክ 63 ዶላር ትቀጣ ነበር። በ21 ቀን ውስጥ ካልከፈልክ ሌላ 63 ዶላር ይጨመርብህ ነበር። ከዚያም ብትቆይ ሌላም ሌላም ይከተል ነበር።

ሄሱስ ፒሜንቴል የተባለ ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። ስምንተኛው ማሻሻያ ከልክ ያለፈ የገንዘብ ቅጣትን ይከለክላል። እነሱም «ለጥቂት ደቂቃ መዘግየት ይህ ሁሉ ከልክ ያለፈ ነው» አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 የሰጠው ውሳኔ ሁለት ፊት አለው። አንደኛ፣ 63 ዶላሩ ይጽና፤ ከተማ ትራፊኳን መቆጣጠር አለባት ተባለ። ሁለተኛ፣ የመዘግየት ቅጣቱስ? እዚህ ላይ ዳኞቹ ቆም አሉ። ከተማዋ ቅጣቱን እጥፍ ያደረገችው በምን ስሌት እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ መዝገቡ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ያ ክፍል እንዲታይ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ተመለሰ።

ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ይኼ ነው፦ ከልክ ያለፈ ቅጣትን የሚከለክለው ሕግ ለትልልቅ ወንጀሎች ብቻ ሳይሆን ለፓርኪንግ ወረቀትም እንደሚሠራ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ተናገረ። ትንሽ ስለሆነ ብቻ ከሕገ መንግሥት በታች አይወርድም።

ተሸንፎ ስሙ የቀረው ሰውዬ

ሦስተኛው እንግሊዝ ነው። ባሪ ቢቪስ ቸልምስፎርድ ከተማ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል መኪናውን አቆመ። ለሁለት ሰዓት ነፃ ነው። እሱ 56 ደቂቃ አሳለፈ። ቦታውን የሚያስተዳድረው ፓርኪንግአይ የተባለ የግል ድርጅት 85 ፓውንድ ክፈል አለው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ ግን 50 ብቻ።

ቢቪስ አልከፍልም አለ። «ፓርኪንጉ ነፃ ነው። እኔ በመቆየቴ ድርጅቱ ምንም አልከሰረም። ታዲያ 85 ፓውንድ የምን ካሳ ነው?» ክርክሩ ስሜት ይሰጣል። እንደውም ድርጅቱ ለቦታው ባለቤት በሳምንት 1,000 ፓውንድ እየከፈለ ነበር የሚሠራው። ገቢው የሚመጣው ሰዓት ከሚያሳልፉ ሰዎች ነው። ሰው ሰዓቱን ካከበረ ድርጅቱ ይከስራል ማለት ነው!

በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፈ። በይግባኝም ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ ረታው። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ለሱቆቹም ለገበያተኛውም ቦታው ቶሎ ቶሎ መለቀቁ ጥቅም አለው፣ ቅጣቱ ያንን ጥቅም ለማስጠበቅ ነው፣ 85 ፓውንድም ከልክ ያለፈ አይደለም፣ ምልክቶቹም ትልልቅና ግልጽ ነበሩ።

ውጤቱ ከአንድ ሰው በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት «ካልከሰራችሁ አትቀጡኝም» ብሎ የሚከራከር ሰው ተስፋ ነበረው። ከዚያ በኋላ ያ በር ጠበበ፤ የቢቪስ ስም ራሱ ድርጅቶች የሚጠቅሱት ሆነ። «እስከ መጨረሻው እንታገል» ለምትሉ ይኼንንም እወቁት። ፍርድ ቤት ስትሄድ የምታሸንፈው ለሌሎችም ነው፤ የምትሸነፈውም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዳኞቹ ቢቪስ ላይ ሲወስኑ ምልክቱ ትልቅና የሚታይ መሆኑን ቆጥረውበታል። የእኛ ጓደኛ ምልክት ዛፍ ውስጥ ነው ያለው።

ሂሳቡ ለምን አይገጥምም?

ሦስቱን ስናያቸው ሰዎቹ የጠየቁት የተለያየ ነገር ነው፦ በምን ዘዴ ያዛችሁኝ? ስንት ነው የምታስከፍሉኝ? ለምንስ ነው የምከፍለው? ግን የሁሉም እንቅፋት አንድ ነው። መከራከር ከመክፈል ይወደዳል።

እስቲ እናስላው። ቅጣቱ 500 ብር ነው እንበል። ለመከራከር አንድ ቀን ቢሮ፣ አንድ ቀን ፍርድ ቤት፣ «ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባልክ ደግሞ ሌላ ቀን። ታርጋህ እዚያ ከተያዘ ደግሞ እስከዚያ መኪናው አይሠራም። ብታሸንፍ የሚመለስልህ 500 ብር ነው። የጠፋብህን ሦስት ቀን ማንም አይመልስልህም። ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ ይከፍላል።

አሠራሩም ወደዚያው ነው የሚገፋው። በእንግሊዙ ጉዳይ ቶሎ ከከፈልክ 85 ወደ 50 ይወርድ ነበር፤ በሎስ አንጀለሱ ከዘገየህ እጥፍ ይሆን ነበር። አንዱ ማባበያ ነው፣ ሌላው ማስፈራሪያ። የሁለቱም መልእክት ግን «ዝም ብለህ ክፈል» ነው። የሚገርመው፣ እውነተኛ ምክንያት ያለውም የሌለውም ሰው እኩል ነው ዝም የሚለው። ስለዚህ «ማንም ቅሬታ አላቀረበም» የሚል ሪፖርት ስታዩ ሰው ረክቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ሰው አስልቶ ይሆናል።

በስልክ መከራከር

መፍትሔው ሁሉም ሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሂድ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱም አይችለውም፣ እኛም አንችለውም። የሠራው መፍትሔ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ርካሽ ማድረግ።

ዋሽንግተን ዲሲን ውሰዱ። ከተማዋ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው፤ ስለ «ቲኬት» ስንት ታሪክ እንዳላቸው እነሱን ጠይቁ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ አብዛኛውን የትራፊክና የፓርኪንግ ጥፋት ከወንጀል ፍርድ ቤት አውጥታ በአስተዳደር ችሎት እንዲታይ አደረገች። ዛሬ ቲኬት የደረሰው ሰው በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ማስረጃውን መላክ ይችላል፤ ከፈለገ ደግሞ ቀርቦ ያስረዳል። ኒው ዮርክ ከተማም የራሷ አፕሊኬሽን አላት፤ ቅጣቱን በስልክህ ትከፍላለህ ወይም በስልክህ ትከራከራለህ፣ የምልክቱን ፎቶ ታያይዛለህ፣ ዳኛ አይቶ መልስ ይልካል። ካልተስማማህ ይግባኝ አለ፣ ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍጹም ነው አላልንም። ቅጣቱን የጻፈው መሥሪያ ቤትና ቅሬታውን የሚሰማው መሥሪያ ቤት ቢለያዩም ሁለቱም የአንድ ከተማ ናቸው፤ ገንዘቡም አንድ ካዝና ይገባል። ቢሆንም ለጓደኛችን ዓይነት ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሦስት ቀን ሥራ መፍታትና ማታ ሶፋ ላይ ሆኖ ሦስት ፎቶ መላክ አንድ አይደሉም።

እኛ ጋ ሲመጣ

«እነሱ ጋ መብት አለ፣ እኛ ጋ የለም» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ግን ስህተት ነው። በሕግ ደረጃ መብቱ አለ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የገንዘቡ መጠን ከዚህ በታች ከሆነ አይመለከትም አይልም። በ1995 የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር (አዋጅ ቁጥር 361/1995) ያቋቋማቸው የከተማዋ ፍርድ ቤቶችም የደንብ መተላለፍ ጉዳዮችን የማየት ሥልጣን አላቸው። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ፤ መንፈሱ ቀላል ነው፦ ውሳኔ የሚሰጥ ተቋም ምክንያቱን ይናገር፣ ቅሬታ ይስማ፣ ያልተስማማ ሰው ፍርድ ቤት ይሂድ።

ስለዚህ መብቱ ሞልቷል። የጎደለው መንገዱ ነው። የጓደኛችንን የቅጣት ወረቀት ከፊትም ከኋላም አገላብጠን አየነው። ስንት እንደሚከፍል ተጽፏል። ቅር ቢለው የት እንደሚሄድ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ለማን እንደሚያመለክት ግን አንድም ቃል የለም። መክፈያው ስልኩ ላይ መጥቶለታል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከፈለ። መከራከሪያውስ ለምን ስልክ ላይ አይመጣም? ገንዘብ ለመቀበል ዲጂታል ሆነን፣ ቅሬታ ለመቀበል ስንሆን ግን «በአካል ቅረብ» የምንለው ለምንድን ነው?

ነገሩ አሁን የበለጠ አንገብጋቢ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ መንገዶች በኮሪደር ልማቱ እየተቀየሩ ነው። ትናንት የቆምክበት ቦታ ዛሬ የእግረኛ ወይም የብስክሌት መንገድ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። አዲስ ማቆሚያ ይከፈታል፣ አሮጌው ይዘጋል። ከተማ ስትለወጥ ምልክትና ሾፌር አብረው እኩል አይሄዱም፤ ስህተት ይኖራል፣ የሾፌርም የተቆጣጣሪም። ስህተት የሚታረምበት መንገድ ከሌለ ደግሞ ስህተቱ ልማድ ይሆናል።

እውነቱን እንነጋገር

ሌላውን ወገን ካልሰማን ይህ ትንተና ግማሽ ነው። አብዛኞቻችን የምንጮኸው አጥፍተን ነው። «አንድ ደቂቃ ነው» ብለን ደርበን አቁመን ሚኒባስም አምቡላንስም መንገድ የዘጋንበትን ቀን እናስታውስ። ፀሐይ ላይ ሙሉ ቀን ቆሞ የሚሰደበው ትራፊክም ሰው ነው። ሁሉም ቅጣት ይከራከሩበት ቢባል ተንኮለኛው ነው ቀድሞ የሚጠቀምበት። ቢቪስን የረቱት ዳኞች ያሉትም ይህንኑ ነው፦ ቦታ የጋራ ነው፣ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ልክ ናቸው። ለዚህም ነው እኛ «አትክፈሉ» የማንለው። አጥፍተህ ከሆነ ክፈል። ግን አጥፊውንና ያላጠፋውን የሚለይ ወንፊት ከሌለ፣ ሥርዓቱን የሚያከብረውም ሰው ማክበሩን ያቆማል። «ብታከብርም ትቀጣለህ» የሚል ሾፌር ሕግ አክባሪ ሆኖ አይቆይም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከሦስቱ ጉዳዮች የቃረምነውን እነሆ፦

1. ከመክፈልህ በፊት ፎቶ አንሳ። መኪናው የቆመበትን፣ ምልክቱን (ከሾፌር ወንበር ላይ ሆነህ ምን እንደሚታይ)፣ በዙሪያው ያለውን። ሰዓቱ ፎቶው ላይ ይቀመጣል።

2. ወረቀቱን አንብብ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የታርጋ ቁጥሩ፣ ጥፋቱ በየትኛው ደንብ እንደሆነ ትክክል ተጽፏል? ስህተት ካለ ዋናው ማስረጃህ እሱ ነው።

3. ክርክርህን ምረጥ። «ተቸኩዬ ነው»፣ «ሌሎችም ቆመዋል» መከራከሪያ አይደለም። «ምልክቱ አይታይም»፣ «ታርጋው የእኔ አይደለም»፣ «ሰዓቱ ስህተት ነው» መከራከሪያ ነው።

4. በጽሑፍ አመልክት፣ ቅጂ ያዝ፣ የተቀበለህን ሰው አስፈርም። በቃል የተነገረ ቅሬታ አልተነገረም ማለት ነው።

5. ቀኑን አታሳልፍ። ብዙ ቦታ ከፈልክ ማለት አመንክ ማለት ነው፤ ዘገየህ ማለት ደግሞ ተጨማሪ ነው።

ከመንግሥት የምንጠብቀውም ብዙ አይደለም። የቅጣት ወረቀቱ ጀርባ ላይ አራት መስመር ይጻፍ፦ ካልተስማማህ የት፣ እስከ መቼ፣ እንዴት፣ መልስስ በስንት ቀን። እና መክፈያው ያለበት ስልክ ላይ የቅሬታ ማቅረቢያም ይጨመር። ይህን ለማድረግ የትኛውም ሕገ መንግሥት መሻሻል አያስፈልገውም።

ተከራክራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ አሸንፋችሁም ተሸንፋችሁም፣ ታሪካችሁን በውስጥ መስመር ላኩልን። ስምና ታርጋ ሸፍነን በሚቀጥለው ክፍል እናቀርበዋለን።

የጓደኛችን ነገር አብቅቷል፤ ከፍሏል፣ ታርጋው ተመልሷል፣ እናቱም መድኃኒታቸውን ወስደዋል። ትናንት በዚያው ፋርማሲ በኩል አለፍን። ቅርንጫፉ አልተቆረጠም። ምልክቱ አሁንም አይታይም። ከሥሩ አንዲት ነጭ ቪትዝ ቆማለች፣ ሾፌሯ ውስጥ የለችም።